ወረቀቱና ምስሉ ሲጣሉ፦ የልብን ኤሌክትሪክ ከልብ ቅርጽ ጋር ስለማገናዘብ

እንደምን አመሻችሁ? ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዳራሹ ውስጥ ሐኪሞችና ነርሶች እንዳላችሁ አያለሁ፤ የባዮሜዲካል ተማሪዎችም አላችሁ። ብዙዎቻችሁ ግን ወይ ራሳችሁ ወይ እናታችሁ “ኢሲጂ ተነሱ፣ ከዚያ ኢኮ አሠሩ” ተብላችሁ፣ ሁለቱም ለምን እንዳስፈለጉ ሳይገባችሁ ከፍላችሁ የወጣችሁ ናችሁ። የዛሬው ንግግር በዋናነት ለእናንተ ነው፤ ሐኪሞቹ ታገሱኝ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያሰፍር መስመር ነው፣ ኢኮ በድምፅ ሞገድ የሚነሳ የልብ ምስል ነው፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ልብ ነው። ሲስማሙ ሥራችን ይቀላል። ሳይስማሙ ሲቀሩስ ማንን እንመን? አብዛኛው ሰው፣ ሐኪሙም ጭምር፣ “ምስሉን ነዋ!” ይላል። በዓይን የታየን ነገር መጠራጠር ይከብዳል። እኔ በዚህ አልስማማም። ወረቀቱና ምስሉ ሲጣሉ ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ በሽታው ማን እንደሆነ የሚነግረንም ጠባቸው ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህን ነው።

በመስመሩ እንጀምር። የልብ ጡንቻ ከመኮማተሩ በፊት የኤሌክትሪክ ምልክት ይደርሰዋል። ምልክቱ የሚነሳው በቀኙ የላይኛ ክፍል ጣሪያ አካባቢ ካለች ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ ነው፤ አርተር ኪዝና ማርቲን ፍላክ በ1907 የገለጿት ናት። ከዚያ ተነስቶ ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች ያዳርሳል። ወረቀቱ ላይ በመጀመሪያ የምናያት ትንሽ ጉብታ፣ ፒ ሞገድ የምንላት፣ ይህች ናት። ወደ ታችኞቹ ክፍሎች የሚያሻግረው መንገድ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጠባብ። ጃፓናዊው ሱናዎ ታዋራ በ1906 ያሳየን መሻገሪያ ነው። ምልክቱ እዚህ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ድረስ ይወርዳል። እንዲህ መዘግየቱ በጀን፤ የላይኞቹ ክፍሎች ደማቸውን አራግፈው እስኪጨርሱ ታችኞቹ ይጠብቃሉ። መሻገሪያውን ካለፈ በኋላ ፑርኪንዬ በሚባሉ ክሮች ላይ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ሜትር ይሮጥና ሁለቱን ትልልቅ ክፍሎች በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ያዳርሳል። ቀጥ ብሎ የሚወጣው ሹል መስመር፣ ኪውአርኤስ የሚባለው፣ እሱ ነው። ቀጥላ የምትመጣው ቲ ሞገድ ደግሞ ጡንቻው ለሚቀጥለው ምት ሲሰናዳ የምትታይ ናት።

አሁን ወረቀቱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ አንዷ ትንሽ ካሬ ወደ ጎን 40 ሚሊ ሰከንድ ናት፤ ወደ ላይ ደግሞ አንድ አሥረኛ ሚሊ ቮልት። ጊዜ አለ፣ ቮልቴጅ አለ። የግድግዳ ውፍረት የሚለካበት፣ የአንድ ክፍል ስፋት የሚነበብበት ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ኢሲጂ አይቶ “ልብህ ተልቋል” የሚል ሰው ከጊዜና ከቮልቴጅ ተነስቶ መጠንን እየገመተ ነው። ግምቱ አንዳንዴ ድንቅ ነው፤ ግምት መሆኑን ግን አንርሳ።

መሣሪያውን ለሕክምና ያበቃው ቪለም አይንቶቨን ነው፤ ኔዘርላንድስ፣ ላይደን ከተማ። የዘመኑ ታካሚ ሁለት እጁንና ግራ እግሩን ጨው ውሃ የተሞላ ዕቃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። መሣሪያው ከቦታው የሚነቃነቅ ስላልነበር አይንቶቨን በ1905 ከሆስፒታሉ እስከ ላቦራቶሪው 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል የስልክ ሽቦ ተጠቅሞ የታካሚዎቹን ምልክት ባለበት ሆኖ ተቀበለ። ዛሬ በሩቅ ሕክምና የሚኩራሩ ይህን ቢሰሙት አይከፋም። በ1924 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ከእሱ ግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ግን ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ1853 አንድ የማያስደስት ነገር በሒሳብ አረጋግጦ ነበር። በአንድ አካል ገጽ ላይ የሚለካ ቮልቴጅ ከውስጥ ምን ዓይነት ምንጭ እንዳመነጨው ብቻውን አይነግረንም፤ የተለያዩ ምንጮች ውጭ ላይ አንድ ዓይነት ልክ ሊሰጡ ይችላሉ። ከግድግዳ ውጭ ቆሞ የጎረቤትን ጭቅጭቅ እንደማዳመጥ ነው፤ ድምፁ ይሰማል፣ ስንት ሰው እንዳለና ማን የት እንደተቀመጠ ግን አይታወቅም። ግድግዳውም ራሱ ድምፁን ይለውጣል። ቀጭን ወጣት ላይ መስመሩ ይገዝፋል፤ ወፍራም ሰው ላይ ወይም ሳንባው በአየር በተነፋ ሰው ላይ ያንሳል። ልቡ ግን ያው ሊሆን ይችላል።

ምስሉ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1953 ስዊድን፣ ሉንድ ውስጥ ሐኪሙ ኢንገ ኤድለርና የፊዚክስ ባለሙያው ካርል ሄልሙት ኸርትዝ ከማልሞ የመርከብ መሥሪያ መሣሪያ ተዋሱ፤ በድምፅ ሞገድ ብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ የሚፈለግበት ነው። ደረት ላይ አድርገው የልብን እንቅስቃሴ አዩበት። የዛሬው ኢኮ የዚያ ልጅ ነው። ግድግዳውን በሚሊ ሜትር ይለካል፣ ቫልቮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ ያሳያል፣ የደሙን ፍጥነት ያሰላል። ኤሌክትሪኩን ግን አያየውም። እንግዲህ አንዱ ጊዜንና መንገድን ያውቃል፣ ሌላው ቦታንና እንቅስቃሴን።

ለአገራችን ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልውሰድ። የሃያ ስድስት ዓመት ሴት አስቡ። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሌሊት ትራስ ካልደረበች እንቅልፍ የላትም፤ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በልጅነቷ ጉሮሮዋን እየመላለሰ ያማት ነበር፣ ጉልበቷም አብጦ ያውቃል። ያኔ “ብርድ ነው” ተብሎ ታለፈ።

ኢሲጂዋ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። ፒ ሞገዷ ከሦስት ትንንሽ ካሬዎች በላይ ሰፍታለች፣ አናቷም ለሁለት ተከፍሏል። ይህ የግራው የላይኛ ክፍል ችግር ነው። ሁለተኛ፣ የኪውአርኤሱ አቅጣጫ ወደ ቀኝ አዘንብሏል፤ የቀኙ የታችኛ ክፍል ከበድ ብሏል ማለት ነው። የደሙን መንገድ ተከተሉ፦ ከቀኙ የታችኛ ክፍል ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ግራው የላይኛ ክፍል፣ ከዚያ በማይትራል ቫልቭ አልፎ ወደ ግራው የታችኛ ክፍል። ከቫልቩ ወዲያ ማዶ ያለው ክፍል ደህና ነው። ከቫልቩ ኋላ ያለው ሁሉ ግን ተጨንቋል። ገና ኢኮ ሳይበራ ጣታችንን ማይትራል ቫልቭ ላይ መቀሰር እንችላለን፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም፣ ማለትም በልጅነት የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣው የቫልቭ ጉዳት፣ ያጠበበው ቫልቭ ነው። ከሙያዬ በጣም የምወደው ጊዜ ይህ ነው፤ መስመር አንብቦ ቅርጽ መናገር።

ኢኮው ሲበራ የቫልቩ ጫፎች ተጣብቀው፣ ሙሉ በሙሉ መከፈት አቅቷቸው ወደ ታች ተቆልምመው ይታያሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ቀዳዳው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 1.5 እና ከዚያ በታች ሲሆን ከባድ ጥበት እንለዋለን። እርግዝና ለምን ገለጠባት? የደሟ መጠን ስለጨመረና ልቧ ስለፈጠነ ነው። ልብ ሲፈጥን በሁለት ምት መካከል ያለው የመሙያ ጊዜ ያጥራል፤ በጠበበው ቀዳዳ ማለፍ ያልቻለው ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል። ልጅነቷ ላይ ተይዞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ብትወስድ ኖሮ ምናልባት እዚህ አትደርስም ነበር።

እዚህ ድረስ ስምምነት ነው። ግን የፒ ሞገድን ነገር ትንሽ ልቆስቁሰው። የፒ ሞገድ መስፋት የሚነግረን ምልክቱ ክፍሉን ለማዳረስ ብዙ ጊዜ እንደወሰደበት ነው። ክፍሉ ሰፍቶ መንገዱ ስለረዘመ ሊሆን ይችላል፤ ክፍሉ በመጠኑ ሆኖ ግድግዳው ጠባሳ ስላበጀና ምልክቱ ስለዘገመም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በ2009 የአሜሪካ የልብ ማኅበራት ባወጡት መመሪያ “የግራው ክፍል መስፋት” ከማለት “የግራው ክፍል መዛባት” ማለት ይሻላል የተባለው። ፒዋ ሰፍታ ኢኮው “መጠኑ ደህና ነው” ሲል ወረቀቱን ጥላችሁ እንዳትሄዱ። ግድግዳው ታሞ ሊሆን ይችላል፤ የታመመ ግድግዳ ደግሞ አንድ ቀን ሥርዓት ወደሌለው ምት ይገባል። ያኔ ፒ ሞገድ ጭራሽ ትጠፋለች፣ ደም ይረጋል፣ ስትሮክ ይከተላል።

ወደ ቮልቴጅ እንምጣ፤ ትልቁ ጠብ ያለው እዚህ ነው። በ1949 ሞሪስ ሶኮሎውና ቶማስ ላየን እስከ ዛሬ የምንሠራበትን ስሌት አወጡ። ደረት ላይ ከሚለጠፉት መለኪያዎች ቪ1 ላይ ወደ ታች የወረደውን፣ ቪ5 ወይም ቪ6 ላይ ወደ ላይ ከወጣው ጋር ደምሩ፤ 35 ሚሊ ሜትር ከደረሰ የግራው የታችኛ ክፍል ወፍሯል ብላችሁ ጠርጥሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ብዙ ጡንቻ ብዙ ቮልቴጅ ያመነጫል። ደም ግፊታቸው ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ሰዎች ላይ አንዳንዴ በትክክል ይሠራል። ነገር ግን ስሌቱ፣ ኢኮ ወፍሯል ካላቸው ውስጥ ብዙዎቹን ይስታቸዋል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ጤነኛ ቀጭን ወጣት ሯጭን በሽተኛ ሊያደርገው ይችላል። ለሯጭ 35 ሚሊ ሜትር ብቻውን ምንም ማለት አይደለም።

አሁን ከሁሉ የምወደውን ጠብ ላሳያችሁ። የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ናቸው እንበል። እግራቸው ያብጣል፣ ትንሽ ሲራመዱ ይደክማቸዋል። ኢኮ ተሠራላቸው፤ በሁለቱ የታችኛ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ 16 ሚሊ ሜትር ሆነ። መደበኛው 10 አካባቢ ነው። ሪፖርቱ ላይ “በደም ግፊት ምክንያት የወፈረ ልብ” ተብሎ ተጻፈ፤ መድኃኒት ታዘዘ፣ ተሸኙ።

ኢሲጂውን ግን ማን አየው? ከእጅና ከእግር በተነሱት መስመሮች (ሊዶች) ላይ ኪውአርኤሱ ሁሉም ቦታ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ግድግዳው በግማሽ ያህል ወፍሮ መስመሩ እንዴት እንዲህ ኮሰመነ? ውፍረቱ የጡንቻ ቢሆን ቮልቴጁ በጨመረ ነበር። ስለዚህ የወፈረው ነገር ኤሌክትሪክ የማያመነጭ ነው ማለት ነው። አሚሎይድ የሚባል፣ አጣጣፉ የተበላሸ ፕሮቲን በጡንቻ ሕዋሳቱ መካከል ተከማችቷል። ኢኮው ውፍረት እንጂ የወፈረው ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ወረቀቱ ደግሞ ጡንቻ እንዳልጨመረ እንጂ ግድግዳው መወፈሩን አያውቅም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሐኪም ብቻ ነው በሽታውን የሚጠረጥረው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይቀየራል። “አባቴ፣ እጅዎን ይደነዝዝዎት ነበር?” ይባላሉ። “አዎ፣ ሁለቱንም፤ ቀዶ ሕክምናም ተደርጎልኛል።” አሚሎይድ የእጅ አንጓ ነርቭን ልብ ከመታመሙ ከዓመታት በፊት ሊጫን ይችላል። “የደም ግፊት መድኃኒቱስ?” “እሱንማ ተውኩት፤ ግፊቴ ራሱ ወረደልኝ።” አልተሻላቸውም፤ ልባቸው ተገትሮ ደም መግፋት ስላቃተው ነው የወረደው። እንዲህ ያለ ታካሚ በደም ግፊት ስም ዓመታት ይባክናል። ሁሉም የአሚሎይድ ታካሚ ላይ መስመሩ ዝቅ አይልም፣ ይህን ልብ በሉ፤ ግድግዳው የወፈረውን ያህል ሳያድግ ተራ መጠን ላይ የቆመ ቮልቴጅም ያው ጥርጣሬ ሊያጭር ይገባል።

ዝቅ ያለ መስመር ሌላም ትርጉም አለው። ልብን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ፈሳሽ ሲሞላ ቮልቴጁ ይደክማል። በእኛ አገር ከምክንያቶቹ አንዱ ቲቢ ነው። ፈሳሹ ሲበዛ ልቡ ከረጢቱ ውስጥ ይወዛወዛል፤ በአንዱ ምት ወደ ደረት ይቀርባል፣ በሚቀጥለው ይርቃል። ወረቀቱ ላይ አንዱ ኪውአርኤስ ረጅም፣ ቀጣዩ አጭር፣ ከዚያ እንደገና ረጅም ይሆናል። ይህን ወረቀት በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ኢኮውን ያስደገፈ ሰው ማያው ላይ የሚያየው እንቅስቃሴና ወረቀቱ ላይ ያለው ከፍታ አንድ መሆናቸውን ምት በምት መቁጠር ይችላል። ተማሪ ላስተምር ስል ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ብቻ ተማሪው ቆጥሮ ሳይጨርስ ፈሳሹን የሚቀዳ ሰው መጠራት አለበት።

ስለ ጠባሳም ጥቂት ልበል። ጠባሳን ለማየት ኤምአርአይ፣ በማግኔት ምስል የሚያነሳው ማሽን፣ ጥሩ ነው፤ ጋዶሊኒየም የሚባለው ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሲቆይ ከጤነኛው ጡንቻ ይታጠባል፣ ጠባሳው ላይ ግን ይዘገያል፤ ጠባሳው ነጭ ሆኖ ይበራል። ወረቀቱ ላይ የቆየ የልብ ጡንቻ ሞት ኪው ሞገድ በምትባል ጥልቅ መውረጃ ይታወቃል። ድሮ “ኪው ካለ ጠባሳው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በልቶታል” ይባል ነበር። ኤምአርአይ ሲመጣ ነገሩ እንዲያ እንዳልሆነ ታየ፤ ኪው ሞገድ ይበልጥ የምትከተለው የጠባሳውን አጠቃላይ ስፋት ነው፣ ጥልቀቱን አይደለም። ትንሽ ጠባሳ ምንም ኪው ሳትተው ሊቀመጥ ይችላል።

ኤሌክትሪኩና ቅርጹ አንድ ገጽ ላይ የሚገናኙት የምት መዛባት በሚታከምበት ክፍል ነው። ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ በእግር ደም ሥር በኩል ልብ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ነጥብ በነጥብ ይነካል፤ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ነጥብ በቦታው ላይ እንደየቮልቴጁ ቀለም ይቀባዋል። ከ1.5 ሚሊ ቮልት በላይ ሐምራዊ ነው፤ ጤነኛ። ከ0.5 በታች ቀይ ነው፤ ጠባሳ። አደገኛው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ግማሹ የሞተ ግማሹ የተረፈ ጡንቻ። ምልክቱ በተረፉት ቀጫጭን ክሮች ውስጥ እየዘገመ ዞሮ ተመልሶ ራሱን ይቀሰቅሳል፤ ልቡም በደቂቃ ከ150 በላይ ይመታል። ሐኪሙ የሚያቃጥለው ያችን ማለፊያ ነው። የኤምአርአይ ምስሉ ቀደም ብሎ ካለ የት መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።

ኤምአርአይን ካነሳሁ አይቀር፣ ማሽኑ ልብን ጥርት አድርጎ ለማንሳት የሚጠብቀው ኢሲጂውን ነው። በየምቱ ሹሉ መስመር ሲወጣ ነው ፎቶውን የሚያቀናጀው። ችግሩ ደም ራሱ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው፤ በከባድ ማግኔት ውስጥ ሲፈስ የራሱን ቮልቴጅ ያመነጫልና ቲ ሞገዷን ያሳብጣታል። ማሽኑም አንዳንዴ ቲን ኪውአርኤስ ነው ብሎ ይሳሳታል። ማግኔቱ ውስጥ ሆኖ በተነሳ ኢሲጂ የልብ ሕመም አይመረመርም።

እስካሁን ቅርጹ ኤሌክትሪኩን ሲለውጥ ነው ያየነው፤ ተቃራኒውም አለ። የግራው የኤሌክትሪክ ቅርንጫፍ ሲዘጋ ኪውአርኤሱ ከ120 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይሰፋል። ኢኮ ላይ መካከለኛው ግድግዳ ቀድሞ ሲነጥር፣ የግራው ጎን ግድግዳ ደግሞ ዘግይቶ ሲኮማተር ይታያል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይለጠጣል፤ ጉልበት በከንቱ ይባክናል። አንዳንድ ሰው ላይ በጊዜ ብዛት ልቡ ይሰፋል፣ ይደክማል። ልብን በሁለቱም በኩል በኤሌክትሪክ የሚያነቃ መሣሪያ (ፔስሜከር) ሲገባለት አንዳንዱ ልብ ወደ ቀድሞ መጠኑ ሲመለስ እናያለን።

ስለ ኮምፒዩተር ሳትጠይቁኝ ልናገር። በ2019 አሜሪካ የሚገኘው የሜዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች የ44,959 ሰዎችን ኢሲጂ ከኢኮ ውጤታቸው ጋር አጣምረው ማሽን አስተማሩ። ማሽኑ ወረቀቱን ብቻ አይቶ የልብ የመግፋት አቅም 35 በመቶና ከዚያ በታች የሆነውን ሰው እንዲለይ ነበር የተፈለገው። በ52,870 ሌሎች ሰዎች ላይ ሲፈተን ጥሩ ሠራ። እኔን የሳበኝ ግን የተሳሳተባቸው ናቸው። ማሽኑ “ደካማ ነው” ብሎ ኢኮው “ደህና ነው” ያላቸው ሰዎች፣ ሁለቱም ደህና ካሏቸው ጋር ሲነጻጸሩ በኋላ ልባቸው የመድከም ዕድሉ አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ኤሌክትሪኩ ቀድሞ ታሟል፤ ቅርጹ ገና አልተከተለም ነበር። ኢኮ በሌለበት ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለ ማሽን ማንን ወደ ከተማ እንላክ ለሚለው ጥያቄ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ የሰለጠነው ግን በሌላ አገር ሕዝብ ነውና እዚህ ሳይፈተን ልመካበት አልፈልግም።

እዚህ ላይ ላብቃና ወደ ጥያቄ እንሂድ።

ከኋላ የተቀመጡት እናት “ኢሲጂዬ ደህና ነው ተባልኩ፤ ኢኮውን ልተወው?” ብለው ጠይቀዋል። እማማ፣ ኢሲጂ ደህና መሆኑ ጥሩ ዜና ነው፤ ቫልቭ ደህና ነው ማለት ግን አይደለም። መካከለኛ የቫልቭ ጥበት ወረቀት ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ትንፋሽ የሚያጥርዎት ከሆነ፣ እግርዎ የሚያብጥ ከሆነ፣ ወይም ሐኪሙ በማዳመጫ እንግዳ ድምፅ ከሰማ ኢኮውን ይሠሩ። ምንም ሕመም ከሌለ ደግሞ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ ገንዘብዎን አያውጡ።

ወጣቱ ደግሞ ኢኮ ለመሠራት ሲሄድ ምን ይዞ መሄድ እንዳለበት ጠይቋል። ኢሲጂህን ይዘህ ሂድ፣ ኢኮ ለሚሠራው ሰውም አሳየው። የድሮም ካለህ ጨምር፤ ከአምስት ዓመት በፊት ረጅም የነበረ መስመር ዛሬ ማጠሩ አንድ ወረቀት ብቻውን የማይነግረን ነገር ነው። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፀሐይ ላይ ይደበዝዛል፣ ላስቲክ ውስጥ ታሽጎም ከዓመታት በኋላ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ዛሬውኑ በስልክህ ፎቶ አንሳው፤ ስትነሳ ቀኑና ስምህ ያለበት ጥግ እንዳይቆረጥ።